ተቀናቃኞቻችን የት ይደርሳሉ? የናሽናልስ ደጋፊዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ቤዝቦል መከታተል የጀመሩ ወገኖች ስለ ሌሎቹ ቡድኖች የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ተቀናቃኞቻችን የምንላቸው እነማን ናቸው?

ሜጀር ሊግ ቤዝቦል 30 ቡድኖች አሉት፤ 15ቱ በአሜሪካን ሊግ፣ 15ቱ በናሽናል ሊግ። እያንዳንዱ ሊግ አምስት አምስት ቡድን ባላቸው ሦስት ዲቪዥኖች ይከፈላል። ዋሽንግተን ናሽናልስ የሚጫወተው በናሽናል ሊግ ምሥራቅ ዲቪዥን ሲሆን አብረውት ያሉት አትላንታ ብሬቭስ፣ ፊላዴልፊያ ፊሊስ፣ ኒው ዮርክ ሜትስና ማያሚ ማርሊንስ ናቸው። ዲቪዥኑን ለመውሰድ እነዚህን አራቱን መብለጥ ግድ ነው።

ባልቲሞር ኦሪዮልስን ዋና ባላንጣ የሚያደርጉ አሉ። ቅርብ ስለሆነ ነው እንጂ ኦሪዮልስ ያለው በአሜሪካን ሊግ ነው፤ ከእኛ ጋር በቀጥታ ከሚገናኝባቸው ጥቂት ጨዋታዎች ውጪ ቢያሸንፍም ቢሸነፍም የእኛን ደረጃ አይነካም። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ሰው ሁለቱንም ቢደግፍ የሚፈርድበት የለም። ፊሊስንና ናሽናልስን አንድ ላይ መደገፍ ግን አይሆንም።

ሠንጠረዡ ላይ ነጥብ የለም። ማን ማንን በስንት እንደሚመራ እንዴት ይታወቃል?

አቻ ውጤት ስለሌለ የሚቆጠረው ድልና ሽንፈት ብቻ ነው። ልዩነቱ የሚለካው በጨዋታ ነው፦ በሁለቱ ቡድኖች ድል መካከል ያለውን ልዩነትና በሽንፈታቸው መካከል ያለውን ልዩነት ደምሮ ለሁለት ማካፈል። ፊሊስ 50 አሸንፎ 35 ቢሸነፍ፣ ናሽናልስ ደግሞ 45 አሸንፎ 38 ቢሸነፍ፣ አምስትና ሦስት ስምንት፣ ሲካፈል አራት። ናሽናልስ በአራት ጨዋታ ወደ ኋላ ቀርቷል ማለት ነው። ቡድኖች እኩል ያልተጫወቱበት ቀን ብዙ ስለሆነ ግማሽ ጨዋታ የሚባል ልዩነትም ይታያል።

የቆየ ደጋፊ ቀድሞ የሚያየው የሽንፈቱን ዓምድ ነው። ያልተጫወቱትን ጨዋታ ገና ሊያሸንፉትም ሊሸነፉትም ይችላሉ፤ የተሸነፉት ግን አይመለስም።

ዲቪዥኑን ያልወሰደ ቡድን አለቀለት?

አላለቀለትም። ከ2022 ጀምሮ ከእያንዳንዱ ሊግ ስድስት ቡድን ወደ ፕሌይኦፍ፣ ማለትም ከመደበኛው ውድድር በኋላ ወዳለው የማጣሪያ ዙር፣ ይገባል፦ ሦስቱ የዲቪዥን አሸናፊዎችና ዋይልድ ካርድ የሚባለውን ዕድል የሚያገኙ ሦስት ቡድኖች። ከዲቪዥን አሸናፊዎቹ የተሻሉት ሁለቱ የመጀመሪያውን ዙር ተቀምጠው ያሳልፉታል። የቀሩት አራቱ ከሦስት ጨዋታ ሁለቱን በማሸነፍ ይለያያሉ፤ ጨዋታዎቹም በሙሉ የሚካሄዱት የተሻለ ደረጃ ባለው ቡድን ሜዳ ነው።

ይህ ተቀናቃኝን የምናይበትን ዓይን ይለውጠዋል። ሦስተኛ የወጣ ቡድን ዛሬ ከመንገድ የወጣ አይደለም። በ2022፣ በ2023ና በ2024 ከእኛ ዲቪዥን በየዓመቱ ሦስት ሦስት ቡድን ፕሌይኦፍ ገብቷል። የቀረውን መገመት አያቅትም፤ ናሽናልስ በሦስቱም ዓመት ቤቱ ነበር።

ከእነዚህ ቡድኖች ጋር በዓመት ስንት ጊዜ እንገናኛለን?

ከእያንዳንዱ ጋር 13 ጊዜ፣ በድምሩ 52። እስከ 2022 ድረስ 19 ጊዜ ነበር፤ ከ2023 ጀምሮ ሁሉም ቡድን ከሁሉም ጋር እንዲጫወት ሲወሰን ተቀነሰ። ተቀናቃኝን በገዛ እጅ የመጎተት ዕድሉ በ24 ጨዋታ አነሰ ማለት ነው። ስለዚህ ሜትስ ከሲንሲናቲ ሬድስ ጋር ምን አደረገ የሚለው ጥያቄ ድሮ ከነበረው ይልቅ ዛሬ ይገደናል።

ወራጅ ከሌለ የደከመ ቡድን ደጋፊ ምን ይጠብቃል?

በአውሮፓ እግር ኳስ ላደግን ሰዎች መጀመሪያ ግራ የሚያጋባን ይህ ነው። ናሽናልስ በ2022 55 ጨዋታ ብቻ አሸንፎ 107 ተሸንፏል፤ በማግሥቱ ዓመት እዚያው ሊግ ውስጥ፣ እዚያው ስታዲየም ነበር። የደከመ ቡድን ይልቁንም አዳዲስ ተጫዋቾች በሚመረጡበት ድራፍት ቀድሞ የመምረጥ ዕድሉ ይሰፋለታል፤ ቅደም ተከተሉ በዕጣ ይወሰናል። በ2025 የመጀመሪያው ዕጣ ለእኛ ወጥቶ የ17 ዓመቱ ኤላይ ዊሊትስ ተመርጧል።

ሁለተኛው ደስታ የሌላውን ድግስ ማበላሸት ነው። ሜትስ በ2025 የመጨረሻ ቀን ለማለፍ ማሸነፍ ነበረበት። ከፉክክሩ የወጣው ማርሊንስ 4 ለ 0 አሸንፎ ወደ ቤቱ ሸኘው። የማያሚ ሰዎች በዚያ ቀን ያገኙት ነገር ቢኖር ይህን ብቻ ነው፤ በቂም ነበር።

ተቀናቃኝ ቡድን በሜይና በጁን ሲመራ መፍራት አለብን?

የ162 ጨዋታ ውድድር ነው፤ በሜይ ገና ሲሶው ነው የሄደው። የራሳችንን ብናነሳ፣ ናሽናልስ በ2019 እስከ ሜይ 23 ድረስ 19 አሸንፎ 31 ተሸንፎ ነበር። አሰልጣኙ ዴቪ ማርቲኔዝ ይባረር የሚለው ጩኸት በዝቶ ነበር። ያ ቡድን 93 አሸንፎ ጨረሰና ወርልድ ሲሪሱን፣ የሁለቱ ሊጎች አሸናፊዎች የሚገናኙበትን የዋንጫ ፍጻሜ፣ ወሰደ።

ሜትስ በተቃራኒው የመሪነት መካነ መቃብር ነው። በ2007 17 ጨዋታ ሲቀረው በሰባት ጨዋታ እየመራ ዲቪዥኑን ለፊሊስ አስረከበ። በ2022 በጁን መጀመሪያ በአሥር ተኩል ጨዋታ እየመራ በብሬቭስ ተበለጠ። በ2025 በጁን 12 45 አሸንፎ 24 ብቻ በመሸነፍ ከሁሉም ቡድኖች የተሻለ ነበር፤ በዚያው ቀን ከእኛው ጋር ሲጫወት ፒቸሩ (ኳስ ወርዋሪው) ኮዳይ ሴንጋ የመጀመሪያውን ቤዝ (ሯጭ የሚረግጠውን ማረፊያ) ሊሸፍን ሮጦ የጭኑን ጅማት ተጎዳ። ከዚያ በኋላ ሜትስ 38 አሸንፎ 55 ተሸንፏል። የአንድ ሰው ጉዳት ይህን ሁሉ አያመጣም፤ ግን የፒቸሮቹ መዳከም ከዚያ ሰሞን ጀምሮ ነው የታየው።

ከድልና ሽንፈት ሌላ የትኛውን ቁጥር ልይ?

የራን ልዩነትን። ራን ማለት ተጫዋቹ ቤዞቹን ዞሮ መነሻው ሆም ሲደርስ የሚቆጠርለት ነው። ቡድኑ ካስቆጠረው ላይ የተቆጠረበትን ይቀንሱ፤ ድሉ በዕድል የመጣ ይሁን በጉልበት፣ ብዙውን ጊዜ ከሠንጠረዡ ቀድሞ ይነግራል። ቢል ጄምስ የሚባለው የቤዝቦል ተንታኝ ለዚህ ቀላል ስሌት አበጅቷል፦ ያስቆጠሩትን በራሱ ያባዙ፣ የተቆጠረባቸውንም በራሱ ያባዙ፣ የመጀመሪያውን ለሁለቱ ድምር ያካፍሉ። 700 ያስቆጠረና 650 የተቆጠረበት ቡድን 0.537 ይወጣዋል፤ በ162 ጨዋታ 87 ድል መሆኑ ነው። እንዲህ ያለ ቡድን 95 ካሸነፈ የሆነ ነገር ረድቶታል።

የሚረዳው ነገር አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ራን የሚያልቁ ጨዋታዎች ናቸው። ጎረቤታችን ኦሪዮልስ በ2012 93 ሲያሸንፍ የራን ልዩነቱ ሰባት ብቻ ነበር፤ በአንድ ራን ካለቁት ጨዋታዎቹ ግን 29 አሸንፎ 9 ብቻ ተሸንፏል። በሚቀጥለው ዓመት ያ ዕድል አልተደገመም፤ ፕሌይኦፍም አልገባም። ተቀናቃኝ ቡድን በሰፊ ልዩነት እያሸነፈ ከሆነ ያስፈራል። በየምሽቱ በአንድ ራን እያመለጠ ከሆነ ግን ትንሽ መታገሥ ይበቃል።

የፒቸር ጉዳት ለምን ይህን ያህል ይወራለታል?

አንድ ቡድን በተራ የሚጀምሩ አምስት ፒቸሮች ይዞ ነው የሚዘልቀው። ሁለቱ ሲጎዱ በየአምስቱ ቀን ሁለት ቀን ምትክ ነው የሚጀምረው፤ የተቀያሪ ፒቸሮቹም ክንድ በዚያው ያልቃል። የተጎዳ ፒቸር የጉዳተኞች ዝርዝር ላይ ሲገባ ቢያንስ 15 ቀን ይቀመጣል፤ ቶሚ ጆን የሚባለው የክርን ቀዶ ጥገና ከሆነ ግን አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ነው።

ብሬቭስን በ2025 የጣለው በአመዛኙ ይኸው ነው። የ2024 የሳይ ያንግ ሽልማት (የዓመቱ ምርጥ ፒቸር የሚሸለመው) አሸናፊው ክሪስ ሴል የጎን አጥንቱ ተሰብሮ ለወራት ጠፋ፣ ሌሎችም ተከተሉት፤ ቡድኑ 76 አሸንፎ 86 ተሸነፈ። ይህን ቁጥር ብቻ አይቶ "ብሬቭስ አበቃለት" የሚል ደጋፊ ሰነፍ ነው።

ጁላይ ሲያልቅ ሁሉም የሚረበሸው ለምንድን ነው?

የዝውውሩ ቀነ ገደብ በጁላይ መጨረሻ ገደማ ስለሆነ። ተስፋ ያለው ቡድን ይገዛል፣ ተስፋ የቆረጠ ይሸጣል፤ በገንዘብ ሳይሆን በአብዛኛው በወጣት ተጫዋቾች ልውውጥ። የተቀናቃኝን ሐሳብ ከኃላፊዎቹ አፍ ከመስማት ይልቅ በዚያ ሳምንት የሚያደርገውን ማየት ይሻላል።

በ2021 ብሬቭስ ዋና ኮከቡን ሮናልድ አኩኛን በጉልበት ጉዳት ካጣ በኋላ ይሸጣል ሲባል ገዛ፤ ሆርሄ ሶሌር፣ ኤዲ ሮሳሪዮ፣ አዳም ዱቫልና ጆክ ፒደርሰን መጡ። 88 ብቻ አሸንፎ ዲቪዥኑን ወሰደ። ሮሳሪዮ የናሽናል ሊጉ ፍጻሜ፣ ሶሌር ደግሞ የወርልድ ሲሪሱ ኮከብ ተባሉ። በዚያው ሳምንት እኛ ማክስ ሸርዘርንና ትሬይ ተርነርን ለሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ሰጥተን ቤታችንን እያፈረስን ነበር።

የቀድሞ ልጆቻችን ሁሉ ለምን ተቀናቃኝ ቤት ተገኙ?

ይህ ቁስል ነው፤ ረዘም አድርጌ ብመልሰው ይቅር በሉኝ። ብራይስ ሃርፐር በ2019 መግቢያ ለ13 ዓመት በ330 ሚሊዮን ዶላር ወደ ፊሊስ ሄደ። ተርነር በዶጀርስ በኩል ዞሮ ለ11 ዓመት በ300 ሚሊዮን እዚያው ደረሰ። ካይል ሽዋርበርን በ2021 ለቦስተን ሰጠነው፤ በማግሥቱ ዓመት ፊሊስ ወሰደውና በ46 ሆም ራን (ኳሱን ከሜዳው አጥር ውጪ በሚያሳርፍ ምት) ናሽናል ሊጉን መራ፣ በ2025 ደግሞ 56 መታ። ሁዋን ሶቶ 440 ሚሊዮን ዶላር ቀርቦለት አልቀበልም ሲል በ2022 ለሳን ዲዬጎ ተሰጠ፤ በኒው ዮርክ ያንኪስ አልፎ በ2024 ማብቂያ ከሜትስ ጋር ለ15 ዓመት በ765 ሚሊዮን ፈረመ።

ተጫዋቾቹን መውቀስ አልወድም። ተጫዋች ስድስት የአገልግሎት ዓመት ሲሞላው ነፃ ይሆናል፤ የሚከፍለው ዘንድ ይሄዳል። ከዚያ በፊት በረጅም ውል የማያስር ባለቤት ያለው ቡድን ለተቀናቃኙ ተጫዋች ያሳድጋል። ብሬቭስን ያየ ይህን ይረዳዋል፦ አኩኛን ገና በ2019 ለስምንት ዓመት በ100 ሚሊዮን አሰረው፣ በ2022 ደግሞ ኦስቲን ራይሊን ለአሥር ዓመት በ212 ሚሊዮን። በሶቶ ምትክ ያገኘነው ግን ሙሉ በሙሉ ባዶ እጅ አላስቀረንም፤ ጄምስ ዉድና ሲጄ ኤብራምስ የመጡት በዚያ ልውውጥ ነው።

መጽናኛም አለ። ሃርፐር በኤፕሪል 2019 ለመጀመሪያ ጊዜ በፊሊስ ማሊያ ወደ ዋሽንግተን ሲመጣ ሕዝቡ እየጮኸበት ሆም ራን መትቶ ሄደ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ዋንጫውን ያነሳነው ግን ያለ እሱ ነው።

የፊሊስ ደጋፊ ለምን ሜዳችንን ይሞላዋል?

ፊላዴልፊያ በባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ ናት፤ ሁለቱም ቡድን ቀይ ስለሚለብስ ደግሞ ከሩቅ ማን ማን እንደሆነ አይለይም፣ ጩኸቱ እስኪጀመር። በ2012 የናሽናልስ አስተዳደር የፊሊስ ጨዋታዎችን ትኬት መጀመሪያ ለዲሲ፣ ለሜሪላንድና ለቨርጂኒያ ነዋሪዎች ብቻ እስከመሸጥ ደርሶ ነበር። ዘላቂው መፍትሔ ግን ማሸነፍ ነው። ከዩ ስትሪት አረንጓዴውን መስመር ይዞ ያለ ቅያሪ ኔቪ ያርድ የሚወርድ ወገን ይህን ያህል ሆኖ ሳለ ወንበሩን ለፊላዴልፊያ መተው ያሳፍራል።

"ማጂክ ነምበር" እንዴት ይሰላል?

መሪው ዲቪዥኑን ለማረጋገጥ ስንት የራሱ ድል ወይም የተከታዩ ሽንፈት እንደሚቀረው የሚነግር ቁጥር ነው። ከ163 ላይ የመሪውን ድልና የተከታዩን ሽንፈት ይቀንሱ። ፊሊስ 90 ቢያሸንፍና ሜትስ 68 ቢሸነፍ አምስት ይቀራል፤ የፊሊስ ድልም የሜትስ ሽንፈትም አንድ አንድ ያስቀንሰዋል፣ ዜሮ ሲደርስ ያልቃል። እኩል ሲሆኑ የሚያሳልፈውን ብልጫ መሪው አስቀድሞ ካረጋገጠ ከ163 ይልቅ በ162 ይጀመራል።

ሁለት ቡድኖች እኩል ቢጨርሱስ?

ድሮ 163ኛ ጨዋታ ይጨመር ነበር። ከ2022 ወዲህ ቀርቷል፤ መጀመሪያ የሚታየው በዓመቱ እርስ በርስ ሲገናኙ ማን በለጠ የሚለው ነው። በዚያው በ2022 ብሬቭስና ሜትስ ሁለቱም 101 አሸንፈው ጨረሱ፤ ብሬቭስ ከ19ኙ የእርስ በርስ ጨዋታ አሥሩን ስላሸነፈ ዲቪዥኑ የእሱ ሆነ። በ2025 ሜትስና ሲንሲናቲ ሬድስ በ83 ድል እኩል ሆኑ፤ ሬድስ ከስድስቱ አራቱን አሸንፎ ነበርና ሜትስ ቀረ።

ስለዚህ በኤፕሪል ማክሰኞ ማታ ማንም ያላየው የሬድስና የሜትስ ዓይነት ጨዋታ በሴፕቴምበር ሁለት ጊዜ ሊቆጠር ይችላል።

ሁለት ተቀናቃኞች እርስ በርስ ሲጫወቱ ማንን ልደግፍ?

ሁለቱም ይሸነፉ ማለት አይቻልም፤ አንዱ ያሸንፋል። የምንፈልገው ዲቪዥኑን ከሆነ መሪው ይሸነፍ። ዲቪዥኑ ርቆን ዋይልድ ካርድ የምናሳድድ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል፦ መሪው ያሸንፍ፣ ከእኛ አጠገብ ያለው ይውደቅ። ከሁለቱም ርቀን ከሆነ እንደ ልብዎ ይጥሉ። ሦስት ጨዋታ ሲኖራቸው ሁለት ለአንድ እንዲለያዩ የሚመኝ ደጋፊ አለ፤ ያ ምኞት ማንንም ወደ ኋላ አይጎትትምና አልወደውም።

መለያየት ሦስተኛውን እንዴት እንደሚጎዳ ያሳየው በሴፕቴምበር 30 ቀን 2024 የሆነው ነው። በዝናብ የተላለፉ ሁለት ጨዋታዎች ለሜትስና ለብሬቭስ በአንድ ቀን አትላንታ ላይ ተያዙ። አንዳቸው ሁለቱንም ቢያሸንፍ በዋይልድ ካርዱ የሚፎካከራቸው አሪዞና ይገባ ነበር። ሜትስ የመጀመሪያውን 8 ለ 7 አሸነፈ፣ ብሬቭስ ሁለተኛውን 3 ለ 0፤ ሁለቱም ገቡ። አሪዞና በ89 ድል ከሁለቱም እኩል ሆኖ ሳለ በእርስ በርስ ውጤት ተበልጦ ቤቱ ቀረ።

ተቀናቃኛችን 100 ጨዋታ ካሸነፈ ዋንጫው የእሱ ነው?

የእኛ ዲቪዥን ታሪክ እንዲህ አይልም። በ2022 101 ያሸነፈው ሜትስ በመጀመሪያው ዙር በሳን ዲዬጎ ወጣ፤ 101 ያሸነፈው ብሬቭስም 87 ባሸነፈው ፊሊስ ተሸነፈ። በ2023 ብሬቭስ 104 አሸንፎ፣ 307 ሆም ራን መትቶ፣ አሁንም በፊሊስ ተሰናበተ። ከአምስት ሦስቱን ያሸነፈ የሚያልፍበት ዙር ረጅሙን ዓመት አያከብርም። እኛም በ2019 በ93 ድል 106 ያሸነፈውን ዶጀርስንና 107 ያሸነፈውን ሂዩስተንን ነው የጣልነው።

ከአራቱ የቱን ይፈራሉ?

ብሬቭስን። ኮከቦቹ በረጅም ውል ታስረዋል፤ የ2025 ውድቀቱም በአመዛኙ የጉዳት ነው፣ ጉዳት ደግሞ ይድናል። ፊሊስ በ2024ም በ2025ም ዲቪዥኑን ወስዷል፤ ግን ሃርፐር የተወለደው በ1992፣ ተርነርና ሽዋርበር በ1993፣ ዋናው ፒቸራቸው ዛክ ዊለር በ1990 ነው። የእነሱ ሰዓት እየሮጠ ነው፤ እየተቃረበ ያለውን ማምሻ ከሩቅ ማየት ለእኛ ደስ ይላል።

ሜትስ ከ2020 ጀምሮ የስቲቭ ኮኸን ነው፤ ገንዘብ አያጥረውም፤ የሚያጥረው ሴፕቴምበር ነው። ማርሊንስን ሁሉም ይንቀዋል። ዲቪዥኑን አንድ ጊዜ እንኳ ሳይወስድ በ1997ና በ2003 ሁለት ወርልድ ሲሪስ ያነሳ፣ በ2025ም ብሬቭስን በልጦ ሦስተኛ የወጣ ቡድን መናቅ ግን አያዋጣም።

ከዲቪዥናችን የወጣ ቡድን ወርልድ ሲሪስ ቢደርስ ልደግፈው?

አይ። በ2022 ፊሊስ ከሂዩስተን ጋር ሲፋለም እኔ የሂዩስተን ሰው ነበርኩ።